ለኮክ ዛፍ ዋስ የሆንኩበት ዓመት

በዚያ ቀን ጓሮው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሀራ፣ ከሱቅ ገና መመለሳቸው ስለነበር ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። ታናሽ ወንድማቸው አሊ፣ የግንበኛ ሜትር በእጁ ይዞ። የነፍስ አባታችን መምሬ ተክሌ፣ ቤት ጸበል ሊረጩ መጥተው ጫጫታ ሲሰሙ ወደ ጓሮ የዞሩ። እንጨት ፈላጩ ሰይድ ከነመጥረቢያው። ልጆቼ ሰላምና ብሩክ፤ ትንሿ ትዕግሥት ደግሞ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ተኝታ ስለነበር፣ ነበረች ከተባለ ነበረች። የእትዬ ዘሀራ በግም ነበር፤ የታሰረው እዚያው ግንዱ ላይ ስለሆነ ከሁላችንም የተሻለ ያየው እሱ ነው። እና እኔ። ተከሳሹ የኮክ ዛፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ገበያ ያየሁት ሰው ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ገዝቼ ስመለስ፣ አንድ ረጅም ሰው የመጥረቢያውን ራስ ትከሻው ላይ ሰክቶ፣ እጀታውን በጀርባው ቁልቁል ለቆት፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ ከፊቴ ይሄዳል። ስለቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጥረቢያ እንደዚያ የሚይዝ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ፌስታሌን እያንገላታሁ ሮጥኩ። ሰይድ ብዬ ተጣራሁ። ሰውየው ዞሮ አየኝ፤ ጢሙ እንኳን በቅጡ ያልሞላ ጎረምሳ ነው። እናቴ፣ ሌላ ሰው መስዬዎት ነው አለኝና ፌስታሌን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ። ቲማቲሙን እንዳይጨፈልቅብኝ ብዬ አልሰጠሁትም። የሳቅኩት ቤቴ ገብቼ ነው። እኔ እንዲህ ሳረጅ ሰይድ ሳያረጅ የሚቆየኝ ይመስል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ደሴ ነበር፤ ከሰኞ ገበያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እትዬ ዘሀራ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን። ጦርነቱ አብቅቶ ሰዉ ገና መተንፈስ የጀመረበት ጊዜ ነው። የመንግሥቱን ነገር ሌሎች ይጻፉት፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ እኔ የማውቀው የገበያውን ጫጫታ ነው። ልባሽ ጨርቅ መሬት ላይ እንደ ክምር ተከምሮ ሴቱ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲመርጥ፣ ከካሴት ቤቶቹ አምባሰሉና ባቲው እየተደበላለቀ ሲወጣ፣ ኮንጎ ጫማ በየቀለሙ በገመድ ተሰክቶ ሲንጠለጠል። አንድ እስር ቆስጣ በስሙኒ ነበር፤ እሷንም ተከራክረን። ለሰላም ከዚያ ክምር የመረጥኩላት ቀይ ሹራብ ለብሩክ ደረሰ፣ ከብሩክ ለትዕግሥት ደረሰ፣ በመጨረሻ ተተርትሮ ዱባ ማሰሪያ ሆነ።

ባለቤቴ ካሳሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ከታች ሎሚ፣ ፓፓያና ዘይቱን በዘንቢል ይዞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወጣል፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ እኔ ጎመን፣ ካሮትና ድንች ሞልቼለት ይወርዳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ደሴ ያስለበሰውን ካፖርት ኮምቦልቻ ያስወልቃል። ለምን አብራችሁ አልኖራችሁም ብትሉኝ በእኔ ፍርሃት ነው። ኮምቦልቻ ወባ አለ ብዬ ልጆቼን አላወርድም አልኩ። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱን እፈራ ነበር። ካሳሁን እንግዲያው መሀል ላይ፣ ሐረጎ ዳገቱ ወገብ ላይ ጎጆ ልቀልስልሽ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አሁን የምኖረው ያው ኮምቦልቻ ነው፤ ወባውም እስካሁን አልያዘኝም።

ጓሮው እኛ ስንገባ የቆርቆሮ ስባሪና የአጥንት መጣያ ነበር። እትዬ ዘሀራን አስፈቅጄ፣ ስባሪውን ለቅሜ፣ አፈሩን በመቆፈሪያ ገልብጬ በመደብ በመደብ ከፈልኩት። በክረምቱ ጎመንና ድንች፣ ክረምቱ ሲወጣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ፣ አጥሩ ሥር ዱባ፣ በሩ አጠገብ ጤና አዳምና ኮሰረት። ዘሩን ከሰኞ ገበያ በሻይ ማንኪያ ተሰፍሮ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀለልልኛል፤ እኔ ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው በጡቴ ሥር ይዤው እመጣለሁ። ፋብሪካው ሥራ የሚያቆምበት ጊዜ ነበርና የልጆቼ ወጥ የሚወጣው ከዚያ ጓሮ ነበር። ስለዚህ ስጨነቅለት ሰው ይስቅብኛል። ማለዳ ተነስቼ ውርጭ መትቶት እንደሆነ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አያለሁ፤ ትሉን በእጄ እለቅማለሁ፤ ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ አጥራለሁ፤ ሲበስል ደግሞ ልጆቼን እንዳያማቸው ደጋግሜ አጥበዋለሁ። እትዬ ዘሀራ በመስኮታቸው ብቅ ብለው፣ አንች ልጅ ጎመኑን ፊደል ልታስቆጥሪው ነው ወይ ይሉኝ ነበር። እንደዚያ ብለው ሲያበቁ አንድ እቅፍ ቆርጬ እሰድላቸዋለሁ።

በጓሮው መሀል ኮኩ ቆሟል። የተከሉት የእትዬ ዘሀራ አባት ናቸው፤ አያታቸው ደግሞ ከየመን ባሕር ተሻግረው ለንግድ መጥተው ደሴ የቀሩ ሰው ነበሩ ይባላል። ዛፉ ቅጠሉ ያማረ፣ ጥላው የሰፋ ነው፤ ፍሬ ግን አያውቅም። የጎረቤቱ ሁሉ ኮክ በክረምት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ሲያፈራ የእኛው ቅጠሉን ብቻ ያራግባል። አሊ ዓይኑን የጣለው እዚህ ላይ ነው። አሊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ እንኳን ቆሞ የሚጠጣ ቸኳይ ነጋዴ ነው። ከተማው ቤት ፈላጊ ሞልቶታል፣ ይህን ዛፍ አንስተን ጓሮው ላይ ክፍሎች በመደዳ እንሥራ፣ እናከራይ አለ። ዛፉ ሲነሳ መደቦቼም አብረው መነሳታቸው ነው። ማንም ለእኔ አልነገረኝም፤ ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰኞ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ አሊ ሜትሩን በካሮቴ ላይ ሲዘረጋ አየሁና ገባኝ።

እትዬ ዘሀራ የአባታቸው ተክል ስለሆነ እሺም እምቢም ማለት አቃታቸው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አባታቸው የማያፈራን ዛፍ መጀመሪያ ያስፈራሩታል እንጂ ዝም ብለው አይቆርጡትም ነበር። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ዛፉን ልቁረጥህ ይለዋል፤ ሌላ ሰው ለከርሞ ይሰጣል ተወው ብሎ ይለምንለታል፤ ዛፉም ይሰማል። በወሎ ደግሞ ያለ ዋስ የሚለቀቅ ተከሳሽ ስለሌለ፣ ልማዱ ከባሕር ማዶ እዚህ ሲደርስ ዋስ የሚባል ነገር ተጨምሮበታል። አሊ በእንዲህ ያለው ነገር ይስቃል፤ የአባቱ ስም ስለተነሳ ግን እምቢ አላለም። መምሬ ተክሌም ጸበላቸውን እንደያዙ፣ ካህን ለዛፍ ዋስ አይሆንም፣ ዳኛ ግን ልሁን ብለው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

ሰይድን ከደጅ ጠሩት። ሰይድ ከቢስቲማ በኩል የመጣ፣ ሰኞ ሰኞ በየግቢው እየዞረ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነው። ረጅም፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ የሚስቅ። ነገሩን ሲነግሩት ፊቱን እንዴት እንዳኮሳተረው ብታዩ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ መዳፉ ላይ ምራቁን እንትፍ አለ፣ ዛፉን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

«ስንት ዓመት የሰው ውሃ ጠጣሽ፤ የሰው መሬት ይዘሽ ቆምሽ፤ ለዚህ በግ እንኳን የምታቀምሽው የለሽም» አለው። «በይ ተሰናበች።»

«ተዋት፣ ለከርሞ ትሰጣለች» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ አባታቸው ይሉት እንደነበረው።

«ማን ዋስ አላት?»

እትዬ ዘሀራ የዛፉ ባለቤት ስለሆኑ ዋስ አይሆኑም፣ አሊ ከሳሽ ነው፣ ልጆች ለዋስነት አይበቁም። ሁሉም ቀስ እያሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ለሰው እንኳን ዋስ ሆኜ አላውቅም። ካሳሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ነው፤ ባሌን ሳላማክር በዳኛ ፊት ቃል ልሰጥ ነው። አሊ ቃሉን አስቀድሞ ለየ፤ እስከ መጪው ክረምት መውጫ ካላፈራ ዛፉም መደቦቹም ይነሳሉ፣ አንድ ቃል አይወጣሽም አለኝ። ካፈራስ ብለው መምሬ ጠየቁት። ካፈራ ሜትሬን ይዤ እዚህ ጓሮ አልገባም አለ። ካሮቴን አየሁት። ጫፉ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር።

«ዋስ ነኝ» አልኩ።

«አልሰማችም» አለ ሰይድ፣ ጆሮውን ግንዱ ላይ አስጠግቶ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ትዕግሥት ጀርባዬ ላይ ባንና አለቀሰች፣ በጉም ጮኸ፣ ሰይድ ይኸው ምስክርም ተገኘ ብሎ ሳቀና መጥረቢያውን በማኅተም ፈንታ ግንዱ ላይ አሳረፈው። በጀርባው ሊመታ ነበር መሰለኝ፤ ስለቱ ዞሮ ልጡን ልጦ ወሰደው። እኔ በራሴ ላይ ያረፈ ያህል ደነገጥኩ። አብሽሪ እታለም፣ እንዳትረሳ ምልክት ነው አለኝ። እትዬ ዘሀራ የመጨረሻውን ሕግ ያን ጊዜ ተናገሩ። ዛፉ ካፈራ የመጀመሪያውን ፍሬ የሚቀምሰው መጥረቢያ ያነሳበት ሰው ነው። እሱ ሳይቀምስ ሌላ ሰው ከበላ ዕርቅ አልወረደም ማለት ነውና ዛፉ ተመልሶ ይመክናል።

ቅዳሜ ካሳሁን መጥቶ ሲሰማ ሻዩ ትን አለው። ሥጋ ዘመዴ ዋስ ሁኚኝ ሲልሽ ራስ ምታት አለብኝ ትያለሽ፣ ለኮክ ግን ሮጠሽ ገባሽ አለኝ። ቢስቅም በማግሥቱ ከጋሪ ተራ የፈረስ ፋንድያ በጆንያ ተሸክሞ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ዛፍ አራተኛ ልጄ ሆነ። ሥሩን ኮተኮትኩለት፣ ፋንድያውን ከአመድ ቀላቅዬ አለበስኩት፣ የአትክልት እጣቢውን ሁሉ ለእሱ አደረግኩ። የተላጠውን ቦታ በጭቃና በእበት ለጥፌ በጨርቅ አሰርኩለት። ሰይድ ሰኞ ሰኞ ሲመጣ እንጨቱን ከመጀመሩ በፊት ወደ ጓሮ ዞሮ፣ ተከሳሽ እንዴት አደረች ይልና መጥረቢያውን እያሳየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሲመለስ አንድ ካሮት ነቅሎ በሽርጡ ጠርጎ ይነክሳል። ታጥቦ ይበላ ብዬ ስጮህበት፣ ወላሂ አፈር ካልነካው ካሮት አይባልም ይለኛል። አንድ ቀን እንኳን አሞት አያውቅም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ ዛፉ አበበ። ቅጠል ሳይኖረው ሮዝ ብቻ ሆነ። እትዬ ዘሀራ ማሻአላህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ፣ ዓይን እንዳይበላው። እኔም ያረጀ ጫማ ሰቀልኩበት። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ነበር፤ ግቢው በሙሉ ጿሚ ሆነ። ጓሮዬ ሁለት ጾም ቀለበ ብል ማጋነን አይደለም፤ ካሮቱና ድንቹ ለእትዬ ዘሀራ ሾርባ፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ ለእኔ። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቸው ሳምቡሳ በሳህን ይልኩልኛል፤ ለእኔ ብለው ለብቻው በምስር የተሞላ ነው። ሥጋ አለበት ብዬ እንዳልጨነቅ የእኔዎቹን ጫፋቸውን ቆንጠጥ አድርገው ምልክት ያደርጉባቸዋል። እኔ ግን አንዱን ከፍቼ ሳላይ አልበላም ነበር። ያውቃሉ፣ አይቀየሙም።

በዚያው ጾም፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ላምባ ልገዛ ሰኞ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ በረዶ ወረደ። እንደዚያ ያለ በረዶ ደሴ ላይ አዲስ አይደለም፤ እኔ ግን የቆርቆሮውን ጩኸት ስሰማ የታየኝ አበባው ነው። የላምባውን ጠርሙስ ባለሱቁ ጋ ጥዬ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ኮንጎዬ ከእግሬ እየወጣ ቁልቁለቱን በባዶ እግሬ ጨረስኩት። ጓሮ ስገባ ያየሁትን አልረሳውም። እትዬ ዘሀራ የሱቃቸውን ሸራ አውጥተው አንዱን ጫፍ ይዘዋል። ሌላውን ጫፍ የያዘው፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የበሰበሰው አሊ ነው።

«አሊ፣ አንተ ነህ?» አልኩ።

«ምን ታይኛለሽ፣ ጫፉን ያዢው እንጂ» አለኝ። «በረዶ ረታሽ እንዲባል አልፈልግም። የምረታሽ እኔ ነኝ።»

በረዶው ሲያባራ ጎመኔ ለወጥ እንደተከተፈ ሆኖ ተኝቷል። ሸራው ያልደረሰበት የዛፉ ወገን አበባው ረግፎ መሬቱን ሮዝ አደረገው። ሸራው የሸፈነው፣ ሰይድ የመታው ወገን ግን ተረፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያ ላይ ጠጉራም አረንጓዴ ፍሬዎች ታዩ። እየዞርኩ በጣቴ ሳልነካ እቆጥራቸዋለሁ፤ ስደግም ቁጥሩ ይለያይብኛል። ብሩክ አንዷን ጥሬዋን ነክሶ ሳይውጥ ተፋት፤ መራርነቷ ፊቱን ስላጨማደደው ከዚያ በኋላ ከልጆቹ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ፍሬው ለምን መጣ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔ ፋንድያው ነው እላለሁ። እትዬ ዘሀራ የአባታቸው ዱዓ ነው ይሉ ነበር። መምሬ የዛፉ ፍርሃት ነው አሉ። ሰይድ ደግሞ ያቺ አንዲት ምት ናት እያለ ክንዱን ያሳየናል። በኋላ ስሰማ ልጡ የተነካ ዛፍ ማፍራት የሚጀምርበት ጊዜ አለ አሉ። ያን ብነግረው ኖሮ ደሴን በሙሉ ዞሮ ኮክ ይመታ ነበር።

ግንቦት ላይ ሰይድ እንደ ወትሮው መጥቶ ፍሬዎቹን አያቸው። የእኔዋ የቷ ናት አለኝ። ምረጥ አልኩት። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ከፍ ያለችውን፣ ፀሐይ የሚያገኛትን መረጠ። ከሽርጡ ጫፍ አንድ ሰማያዊ ክር መዝዞ ዘንጓ ላይ አሰረላት።

«ይህችን ማንም እንዳይነካት» አለኝ። «ለዘር አገሬ ደርሼ፣ ሐምሌ ላይ መጥቼ እበላታለሁ።»

«እኔ እጠብቃታለሁ» አልኩት። «አንተ ብቻ እንዳትቀር።»

እየሳቀ ሄደ።

ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ ጓሮው መሽተት ጀመረ። የበሰለ ኮክ ሽታ ከዝናቡ እርጥበት ጋር ሲደባለቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልብስ ላይ ሁሉ ያድር ነበር። የታኅሣሡ ሸንጎ እንደገና ተሰበሰበ። በጉ ለበዓል ታርዶ ስለነበር አልተገኘም፤ ሰይድም አልነበረም። አሊ ዛፉን አየና ተረታሁ አለ፤ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ለብሩክ መጫወቻ ሰጠው። ግን ማንም እጁን መዘርጋት አልደፈረም። የመጀመሪያው ፍሬ የሰይድ ነው። ልጆቼ ምራቃቸውን እየዋጡ ቆሙ። ለሰኞ እንጠብቀው ተባለ። ሰኞ አልመጣም። የሚቀጥለውም ሰኞ አለፈ። ፍሬው መውደቅ፣ ንብ መክበብ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሮጣለሁ። በመጨረሻ መምሬ ተክሌ ፈረዱ። የሰይድ ድርሻ ክሯን እንደታሰረች ቅርንጫፉ ላይ ትቆይ፤ ድርሻው ከተጠበቀለት እንደቀመሰ ይቆጠራል፤ ሌላውን ብሉ አሉ። እትዬ ዘሀራ ጥቂት አሰቡና፣ አባቴም እንዲህ ቢሏቸው እሺ ይሉ ነበር አሉ። ፍልሰታ ስለነበር እኔና መምሬ ቅዳሴ እስኪወጣ ቆየን እንጂ ልጆቹ ያን ዕለት ጉንጫቸው እስኪጣበቅ በሉ። አሊ አንዱን በቁሙ በልቶ፣ ጢሙን ጠርጎ፣ ሌላ አለ ወይ አለ።

የሰይድን ኮክ ማንም ከቅርንጫፉ አላወረዳትም። በሰለች፣ ተጨማደደች፣ መስከረም ላይ ከነክሯ ወደቀች። እትዬ ዘሀራ ዘሯን በቆርቆሮ ጣሳ ቀበሯት። ዓመታት አልፈው ልጆቹ አድገው፣ እኔም በመጨረሻ ወባውን ደፍሬ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ በጣሳዋ ጥበት ቀጭጫ የቀረችውን ችግኝ ይዘው መጥተው፣ የሰይድን አደራ ውሰጂ ብለው ሰጡኝ። በመኪናው ላይ እንዳትሰበር ሐረጎን በሙሉ ጭኔ ላይ አቅፌያት ወረድኩ። ካሳሁን ልጆቹን እንኳን እንዲህ አላቀፍሽም አለ። የደሴ ተክል ቆላ አይሆንላትም ያሉኝ ነበሩ። ሆነላት፤ ፍሬዋ ትንሽ አነስ ይላል እንጂ ይጣፍጣል። አሁን አርጅታ ግማሿ ደርቋል፤ ከዘሯ የተከልኩት ሌላው ግን ከአጥሩ በላይ ሆኗል። እትዬ ዘሀራ ካረፉ ቆዩ፤ አሊ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዛፉ ነው። እኔም በየዓመቱ ከሁሉ ከፍ ያለችውን መርጬ ክር አስርባታለሁ። የልጅ ልጆቼ እናትዬ ለማን ነው ይሉኛል፤ ባለቤቷ እስኪመጣ አትንኩ እላቸዋለሁ። አይነኩም። እነሱም ተከሳሿን ይፈሯታል መሰለኝ።

ስለ ሰይድ የሰማሁት የተለያየ ነው። አንዱ ገራዶ በኩል አጨዳ ላይ አየሁት አለኝ፤ ሌላው ባሕር ተሻግሯል አለኝ፤ ሌላው አገሩ ገብቶ ሚስት አግብቷል አለኝ። ከቢስቲማ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ሰይድ የሚባል ብዙ ነው ይሉኛል። ይህ ሰይድ ረጅም ነው፤ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ሰክቶ እጀታውን በጀርባው የሚለቅ፣ በዚያን ዘመን ሰኞ ሰኞ በሰኞ ገበያ ዙሪያ እንጨት ይፈልጥ የነበረ ነው። አሁን ሽማግሌ ሆኖ ይሆናል። እሱን ወይም ልጆቹን የምታውቁ፣ ያለበትን የሰማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ዘንድሮም ክሯን አስሬላታለሁ።